የ«ለመደ» ባለቤት ማን ነው?

ከምሠራበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ የተሰነጠቀ ግድግዳ። ጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን እንደነካችው አንዲት እንሽላሊት ከስንጥቁ ብቅ ትላለች። መጀመሪያ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ትቆያለች። ቀስ ብላ ግማሽ አካሏን ታስከትላለች። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ትወጣና ሆዷን ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርጋ፣ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ትተኛለች። በዚያ ሰዓት ጠላት ቢመጣባት የምታመልጥ አይመስለኝም፤ እግሯ ገና አልተፍታታም። ሩብ ሰዓት ያህል ስትሞቅ ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች፤ ዝንብ ካየች ከወንጭፍ እንደወጣ ድንጋይ ናት። ፀሐይዋ እየበረታች ስትመጣ በአራት እግሯ ቆማ ሆዷን ከግድግዳው ታላቅቃለች። ቀጥላ ጥላ ወዳለበት ጥግ ትሸሻለች። በመጨረሻ ተመልሳ ስንጥቋ ውስጥ ትገባለች።

ይህን ትርኢት ከሥራ ሰዓቴ እየሰረቅኩ ማየት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ።

አንድ ቀን ከወዳጄ ጋር ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር እያወራን «እንስሳቱና ዕፅዋቱስ ምን ይውጣቸዋል?» አልኩት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ይለምዱታላ! ስንቱን ችለው እዚህ የደረሱ አይደሉ እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞም አልተሳሳተም፤ የበረዶ ዘመን አልፎባቸዋል፣ ድርቅ አልፎባቸዋል። ነገር ግን ያቺ «ይለምዱታላ» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች። ተማሪ ሳለን ሰዋስው ስንማር «የግሡን ባለቤት ፈልጉ» እንባል ነበር። ለመዱ። እሺ፣ ማን ለመደ?

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት ከራሴ ጥፋት ነው። ቤት ውስጥ፣ ብርሃን በሚያንስበት ጥግ፣ በሸክላ የተተከለች ፊከስ ነበረችኝ። አሳዘነችኝና አንድ ቀን አንስቼ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኛት ቦታ አስቀመጥኳት። በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቿ ላይ ነጣ ያለ፣ ወረቀት የመሰለ ቁስል ወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቅጠሏ ረገፈ። በቃ ገደልኳት አልኩ፤ ውኃ ማጠጣቱን ግን አልተውኩም። ወር አለፍ ሲል ከባዶው ቅርንጫፍ አዲስ ቅጠል ፈነዳ። አንዱን አዲስ ቅጠልና ሳይረግፍ የቀረ አንድ አሮጌ ቅጠል በጣቶቼ መሐል ይዤ አነጻጸርኳቸው። አዲሱ አነስ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ስታጥፈው የሚታገል ነው። አሮጌው ሰፊና ስስ ነበር፤ ጥላ ውስጥ የበቀለ ቅጠል የምትደርሰውን ትንሽ ብርሃን ለመልቀም ተለክቶ የተሰፋ ነውና። ቅጠል አንዴ አድጎ ካለቀ በኋላ ልኩ እምብዛም አይቀየርም። ስለዚህ ተክሏ አሮጌውን ልብስ ጥላ አዲስ ሰፋች።

ቤት የመጣ ሁሉ «አየህ፣ ለመደች» ይለኛል። እውነት ነው፣ ተክሏ ለመደች። ቅጠሎቹ ግን አልለመዱም። ቅጠሎቹን ጠርጌ የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «እንዲህ ያለው ዝርያ ሙቀቱን ተላመደ» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር መጀመሪያ የማነሳው ጥያቄ ይህ ሆኗል፦ ቅጠሉ ነው ወይስ ተክሏ?

ወደ እንሽላሊቷ ልመለስ። እሷንና መሰሎቿን «ደመ ቀዝቃዛ» እንላቸዋለን። ስሙ ያሳስታል፤ እኩለ ቀን ላይ የእንሽላሊት ደም ከኔ ደም የሚሞቅበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ሙቀቷን ከውስጧ ሳታመነጭ ከውጭ መግዛቷ ላይ ነው፤ የምትከፍለውም በሰዓት ነው። ፀሐይ ላይ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ጥላ ውስጥ ይህን ያህል ደቂቃ። ሙቀት ሲጨምር ታዲያ ምን ይቸግራታል? ትደበቃለች፣ አለቀ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ባሪ ሲነርቮ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2010 ያወጡትን ጥናት እስካነብ ድረስ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።) ተመራማሪዎቹ ሜክሲኮ ውስጥ ቀደም ሲል 48 የእንሽላሊት ዝርያዎች ወደ ተመዘገቡባቸው 200 ቦታዎች ተመልሰው ሄዱ። ከ1975 ወዲህ ከየአካባቢው የእንሽላሊት ሕዝቦች 12 በመቶው ጠፍተዋል።

የጠፉበት ምክንያት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሙቀት አንጨርጭሮ የገደላቸው አይደሉም፤ እንሽላሊት ያን ያህል ሞኝ አይደለችም። ተመራማሪዎቹ እንደ እንሽላሊት አካል የሚሞቁ መለኪያዎችን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው በቀን ስንት ሰዓት ውጭ መቆየት እንደማይቻል ቆጠሩ። መጥፋቱ አብሮ የሄደው በመራቢያው ወቅት፣ በክረምቱ መጨረሻና በጸደይ ከታየው የሙቀት ጭማሪ ጋር ነው። ሴቷ እንቁላል ወይም ፅንስ ለማሳደግ ብዙ መብላት ያለባት በዚያ ወቅት ነው። ጠዋቱ ሳይጋመስ ፀሐይዋ ካባረረቻት ወደ ስንጥቋ ትገባለች፤ ስንጥቋ ውስጥ ደግሞ ዝንብ የለም። እያንዳንዷ እንሽላሊት ማድረግ ያለባትን በትክክል አድርጋለች። ተደብቃ ተረፈች። የሚቀጥለው ዓመት ልጆች ግን ሳይመጡ ቀሩ። ጥላ አዳናት፣ ጥላ አስራባት።

አካል ውስጥ ገብተን ብናይስ? እዚያ «ለመደ» የሚለው ቃል የተሻለ መሬት አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌሩቺዮ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ የፍራፍሬ ዝንብ ሕዋሳት ያጠና ነበር። አንድ ቀን የቤተ ሙከራው ሰው ማሞቂያውን ሳያስበው ከፍ አድርጎት ኖሮ ሪቶሳ በአጉሊ መነጽር ሲያይ የዝንቦቹ ክሮሞዞሞች፣ ዘረ መሎችን የተሸከሙት ክሮች፣ ከዚያ በፊት አይቶት በማያውቀው ቦታ አብጠዋል። ሙቀቱ የተኙ ዘረ መሎችን ቀስቅሷል ማለት ነው። ግኝቱን ለአንድ የታወቀ መጽሔት ቢልከው «ለሥነ ሕይወት ፋይዳ የለውም» ተብሎ ተመለሰለት፤ በ1962 ሌላ ቦታ አሳተመው። እነዚያ ዘረ መሎች የሚሠሩት ዛሬ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን የምንላቸውን መሆኑ ቆይቶ ታወቀ። የእንቁላል ውኃ ሲቀቀል ነጥቶ የሚረጋው ፕሮቲኑ ከታጠፈበት ስለሚፈታና እርስ በርሱ ስለሚተበተብ ነው፤ በሙቀት የተጨነቀ ሕዋስ ውስጥም በትንሹ የሚጀምረው ይኸው ነው። የድንጋጤ ፕሮቲኖቹ ሮጠው የሚፈታውን ይይዛሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። ባክቴሪያ ውስጥ አሉ፣ ዛፍ ውስጥ አሉ፣ አንቺ ውስጥና እኔ ውስጥ አሉ። በመጠኑ ሞቆ የተረፈ ሕዋስ ሁለተኛው ሙቀት ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይህ በእርግጥ መልመድ ነው፤ የተነካው ራሱ ነው የለመደው።

ከዚህ ወገን የምወደው ምሳሌ በአሜሪካ ሳሞአ፣ ኦፉ በምትባል ደሴት ያለው ነው። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ተነጥሎ የሚቀር ጥልቀት የሌለው ውኃ አለ፤ አንዳንድ ቀን እስከ 35 ዲግሪ ይሞቃል፤ ኮራሎች፣ ድንጋይ መስለው የሚያድጉት የባሕር እንስሳት፣ ግን ይኖሩበታል። ስቲቨን ፓሉምቢና ባልደረቦቹ አጠገቡ ካለው ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ኮራል ቆርጠው ወደዚህ አዛወሩ። የነባሮቹን ያህል ባይሆንም፣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተዛወሩት ሙቀት የመቻል አቅማቸው ጨመረ። ውጤቱ በ2014 ሲወጣ ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ከዚያ በታላቁ የአውስትራሊያ የኮራል ዳርቻ 2016 መጣ፣ 2017 መጣ፣ 2020፣ 2022፣ 2024። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ውኃው ከመጠን በላይ ሞቆ ኮራሎቹ ምግብ የሚሠሩላቸውን አልጌዎች ከአካላቸው አውጥተው እየነጡ ቀሩ። መልመድ ፋታ ይፈልጋል፤ ፋታው ነው የጠፋው።

ጣሪያም አለው። ኅዳር 2018 ማብቂያ ላይ በሰሜን አውስትራሊያ ኬርንስ አካባቢ ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ አለፈ። ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚውሉ፣ ፍራፍሬ በል ትልልቅ የሌሊት ወፎች አሉ። ሲሞቃቸው የሚያደርጉት ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ በክንፋቸው ያራግባሉ፤ ከዚያ ጥላ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ያለከልካሉ፤ ከዚያ ምራቃቸውን አካላቸው ላይ ይቀባሉ፤ ላብ የላቸውምና ምራቃቸውን ላብ ያደርጉታል። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው የበለጠ ውኃ ያስወጣል። ከ42 ዲግሪ በላይ ግን አምስተኛ እርምጃ የለም። በሁለት ቀን ውስጥ 23,000 ገደማ ሞቱ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ካለው ከዚያ ዝርያ ሲሶው ማለት ነው። የዓመቱን አማካይ ሙቀት ብታይ ያቺ ሁለት ቀን ምልክት እንኳ አትተውም። ስለ አማካይ ሙቀት ብዙ ስናወራ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው፤ ፍጥረት የሚሞተው በአማካይ ቀን አይደለም።

አንድ የሚያስገርም ነገር በመሐል ልጨምር፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። ዜብራ ፊንች የምትባል ትንሽ የአውስትራሊያ ወፍ አለች። ውጭው ከ26 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ወላጆች ለእንቁላሉ የተለየ ድምፅ ያሰማሉ። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ያን ድምፅ በእንቁላል ውስጥ የሰሙ ጫጩቶች በሞቃት ጎጆ ሲያድጉ ካልሰሙት ያነሰ አካል ይዘው ይወጣሉ፤ አነስተኛ አካል ሙቀትን ቶሎ ያስወጣልና። ገና ያላያትን ዓለም በግድግዳው በኩል ተነግሮት የሚወለድ ልጅ! እዚህ ላይ የግሡ ባለቤት ማን እንደሆነ እኔም ግራ ይገባኛል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰዓትና ወደ ቀን መቁጠሪያ። ሕያዋን ወቅቱን የሚያውቁባቸው ሁለት ሰዓቶች አሏቸው፤ አንዱ ብርሃን ነው፣ ሌላው ሙቀት። ብርሃን አይዋሽም፤ የቀኑ ርዝመት ዛሬም ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው ልክ ይረዝማል፣ ያጥራል። ስለዚህ ብዙዎች ሕይወታቸውን በእሱ አስረዋል። ሙቀት ደግሞ ተለዋዋጭ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛው ወቅት መቼ እንደገባ የሚናገረው እሱ ነው። ዕፅዋት ይህን በረቀቀ መንገድ ይለካሉ። ቅጠል ብርሃን የሚያይበት ፋይቶክሮም ቢ የሚባል ሞለኪውል ሌሊት ሌሊት ቴርሞሜትር ሆኖ እንደሚያገለግል በ2016 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች አሳይተዋል። ያው ዓይን ሲጨልም ቆዳ ይሆናል።

ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ሲሄዱ የኖሩበት ዘመን እየተዘጋ ነው። በጃፓን ኪዮቶ የቼሪ አበባ የሚፈነዳበት ቀን ከ812 ጀምሮ፣ በቤተ መንግሥት ሰዎችና በመነኮሳት ማስታወሻ ሳይቀር፣ ተመዝግቦ ይገኛል። በ2021 ሙሉ በሙሉ ያበበው መጋቢት 26 ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ በመዝገቡ ከ1,200 ዓመት በላይ እንዲህ የቀደመበት ጊዜ አልነበረም። ቼሪ ሙቀትን ስለምትከተል ቀደመች። ሙቀትን የማይከተለውስ?

ፍላይካቸር የምትባል ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍ አለች። ከምዕራብ አፍሪካ ተነስታ አውሮፓ ሄዳ ትራባለች። ኔዘርላንድስ ውስጥ ጫጩቶቿን የምታበላው በኦክ ዛፍ ቅጠል ላይ ለጥቂት ሳምንታት የሚርመሰመሰውን አባጨጓሬ ነው። ኦክና አባጨጓሬው የሚሄዱት በሙቀት ሰዓት ነው፤ ጸደዩ ሲሞቅ ቀድመው ይመጣሉ። ወፏ ግን የምትነሳው በሺዎች ኪሎሜትር ርቀት ላይ ሆና ነው፤ ጉዞ የምትጀምረውም የቀኑን ርዝመት አይታ ነው። የኔዘርላንድስ ኦክ ዘንድሮ ቀድሞ እንዳቆጠቆጠ ማን ይንገራት? ደርሳ ሳታርፍ እንቁላል ለመጣል ትቻኮላለች፤ እሱንም ባለፉት አሥርት ዓመታት በጥቂት ቀን አፍጥናዋለች፤ አባጨጓሬው ግን ከዚያ በላይ ቀድሟል። ክርስቲያን ቦትና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳተሙት፣ አባጨጓሬው በጣም በሚቀድምባቸው ጫካዎች የወፏ ቁጥር በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ይብስ የሚለው በ2019 በወጣ ሌላ ጥናት የተገኘው ነው። ግሬት ቲት የምትባለው ወፍ እዚያው ነው የምትከርመው፤ ስለዚህ ከጸደዩ ጋር መቅደም ችላለች። ፍላይካቸር ደክሟት ስትደርስና ባዶ የመሰላትን ጎጆ ስትገባ ግሬት ቲት ውስጥ ናት። ተመራማሪዎች የእንጨት ጎጆዎቹን ከፍተው ሲያዩ ጭንቅላታቸው የተወቀረ ፍላይካቸሮች ያገኛሉ። ሙቀት አንዱን ሰዓት ገፋ አደረገና ሁለት ወፎች አንድ በር ላይ ተገናኙ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስታስብ የወፍ ጭንቅላት ጎጆ ውስጥ መወቀሩ ትዝ ይልሃል? እኔ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ክረምት ላይ ነጭ፣ በጋ ላይ ቡናማ የምትሆን ጥንቸል አለች። ፀጉሯን የምትቀይረው የቀኑን ርዝመት ተከትላ ነው። በረዶው ዘግይቶ ሲጥልና ቶሎ ሲቀልጥ ነጭ ጥንቸል ቡናማ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ አለመታየቷን አምናም ትጸናለች፤ አትሮጥም። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ» ይባላል፤ የሷ ልማድ እንኳን ሊያሰርቃት ራሷን ለአዳኝ ያስረክባታል። ከመሬቱ ጋር ቀለማቸው ያልገጠመ ጥንቸሎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በሳምንት እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ያሳያል፤ ሳምንቱ ሲደራረብ ብዙ ነው። ግን በረዶ በማይበዛበት በፓስፊክ ዳርቻ ክረምቱንም ቡናማ ሆነው የሚያሳልፉ የዚሁ ዝርያ ጥንቸሎች አሉ። ይህ የሚሆነው በአንድ ዘረ መል ነው፤ ጥንት ከሌላ የጥንቸል ዝርያ ጋር ተዳቅለው ያገኙት መሆኑ በ2018 ታውቋል። ወደፊት በረዶው ሲሳሳ ይህ ዘረ መል ወደ መሐል አገር ይስፋፋ ይሆናል። ያኔ ጋዜጣው «ጥንቸሎች ተላመዱ» ይላል። እንዴት እንደሚስፋፋ ግን አስቡት፤ ነጮቹ በመበላት ነው።

ይህን ፊት ለፊት ያየው ሼን ካምቤል-ስታተን የተባለ ተመራማሪ ነው። አረንጓዴ አኖል የምትባለውን እንሽላሊት ብርድ የመቻል አቅም ሊያጠና በ2013 በጋ ከቴክሳስ ሰብስቦ ነበር። አለካኩ ቀላል ነው፤ እንሽላሊቷን ቀስ በቀስ ታቀዘቅዝና በጀርባዋ ትገለብጣታለህ፤ ተመልሳ መገልበጥ ያቃታት ዲግሪ ልኳ ነው። በዚያው ክረምት ከሰሜን የመጣ ያልተለመደ ቅዝቃዜ ደቡብ ቴክሳስን መታ። ሙቀት ለምደው የኖሩ እንሽላሊቶች ረገፉ። ካምቤል-ስታተን ተመልሶ የተረፉትን ለካ፤ ከበፊቶቹ ይልቅ ብርድ ይችላሉ፤ የዘረ መላቸው አሠራር ሳይቀር ከሰሜኖቹ ጋር ተመሳስሏል። በአንድ ክረምት! የደቡብ ቴክሳስ እንሽላሊት ብርድ ለመደች፤ አንዲትም እንሽላሊት ግን ብርድ አልለመደችም። የቻሉት ድሮም የሚችሉ ነበሩ፤ ያልቻሉት ከቆጠራው ወጡ።

ዝግመተ ለውጥ ለመዘግየቱ ስም ያወጣ ነው፤ ቸኩሎም ያውቃል። በሰሜን አሜሪካ ረግረግ፣ ነፍሳት በል በሆነ ተክል ቅጠል ውስጥ በተጠራቀመች ውኃ የምትራባ ትንኝ አለች። ለክረምት የምትተኛበትን ቀን የምትመርጠው የቀኑን ርዝመት ለክታ ነው። ዊሊያም ብራድሾና ክርስቲና ሆልዛፕፈል ከ1972 እስከ 1996 የተሰበሰቡትን አነጻጽረው በ2001 እንዳሳተሙት፣ በሰሜን ያሉት መኝታቸውን ዘጠኝ ቀን ያህል ወደ ኋላ ገፍተውታል፤ ለውጡም በዘር የሚተላለፍ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ አንድ የጉጉት ዝርያ አለ፤ አንዳንዱ ግራጫ፣ አንዳንዱ ቡናማ። በረዶ በበዛበት ክረምት ቡናማዎቹ አብዝተው ይሞቱ ነበር። ክረምቱ ሲለዝብ በ1960ዎቹ 30 በመቶ ገደማ የነበሩት ቡናማዎች በ2010 ወደ 50 በመቶ ተጠጉ። ትንኟና ጉጉቷ መጠባበቂያው ነበራቸው፤ ልዩነቱ አስቀድሞ ውስጣቸው ነበር። መጠባበቂያ የሌለው ግን አለ። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የሚኖሩበት የሙቀት ልክ በታሪካቸው በሚሊዮን ዓመት አንድ ዲግሪ ገደማ ሲለወጥ እንደኖረ በ2013 የወጣ ሥሌት ያሳያል። ዓለም ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረችበት ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች፤ 2024 ደግሞ ከ1.5 ዲግሪ ያለፈ የመጀመሪያው የቀን መቁጠሪያ ዓመት ነው።

የባሕር ዔሊ ከሁሉም ታሳዝነኛለች፤ ምክንያቱም ምንም አልጎደለባትም። አሸዋ ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች፤ የልጆቿን ፆታ የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። 29 ዲግሪ ገደማ ላይ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴት፣ ሲቀዘቅዝ ወንድ። (ቱዋታራ የተባለው የኒው ዚላንድ ተሳቢ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ ወንድ ያበዛበታል። አንድ መላ፣ ሁለት አቅጣጫ።) በ2018 የወጣ ጥናት ከታላቁ የኮራል ዳርቻ ሰሜናዊ ክፍል የተወለዱ ዔሊዎችን ፆታ አየ። ካልጎለመሱት ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ ሴት ናቸው፤ ከጎለመሱት ደግሞ 87 በመቶ ገደማ። በሁለቱ ትውልዶች መሐል ያለው ልዩነት ራሱ የሙቀት መዝገብ ነው። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ስለሚበቃ ለጊዜው እንቁላሉ አይቀንስም፤ እንዲያውም ባሕር ዳርቻ ላይ ለቆመ ሰው ሴቶች በዝተው ጉዳዩ ሁሉ የተቃና ሊመስለው ይችላል። እናቲቱ ቀድማ ብትጥል፣ ጥላ ብትመርጥ ይረዳታል፤ አንዳንድ ቦታ መቅደም የጀመሩ አሉ። ነገር ግን ዔሊ ለመጎልመስ አሥርት ዓመታት ትፈልጋለች፤ ጎልምሳ የምትመለሰውም ወደ ተወለደችበት አካባቢ ነው። ዛሬ የምትቆፍረው የድሮ አሸዋዋን ፈልጋ ነው።

መሄድስ አይቻልም? ይቻላል፤ ብዙዎችም እየሄዱ ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1802 በኢኳዶር ተራሮች ላይ ዕፅዋት በምን ከፍታ እንደሚበቅሉ መዘገበ። ከ200 ዓመት በኋላ የሄዱ ተመራማሪዎች ዕፅዋቱ ከ500 ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጥተዋል አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሁምቦልትን ማስታወሻ እንደገና አንብበው መዝገቡ በአብዛኛው ከሌላ ተራራ እንደተወሰደ አሳዩና ቁጥሩን ወደ ግማሽ አወረዱት። ወደ ላይ መውጣታቸው ግን አልተካደም። ችግሩ ተራራ ጫፍ እንዳለው ነው። በፔሩ አንድ የተራራ ሸንተረር ላይ በ1985 የተቆጠሩ ወፎች በ2017 ሲቆጠሩ ጫፉ አካባቢ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት የጠፉ ነበሩ። ከታች ያሉት ወደ ላይ ወጡ፤ ከላይ የነበሩት የሚወጡበት አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ አልነገርኩትም። ባለፈው ቤት መጥቶ ፊከሷን አይቶ «ያማረች ተክል» አለ። ከሸክላዋ ሥር ያስቀረሁትን አንድ ደረቅ ቅጠል አንስቼ እጁ ላይ አደረግኩለት። አገላብጦ አየውና «ይህስ ምንድነው?» አለኝ።

ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ሰቅያለሁ፤ ከጎኑም ማስታወሻ ደብተር አለኝ። እንሽላሊቷ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ሳይንስ አይደለም፤ አንዲት እንሽላሊት፣ አንድ ግድግዳ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘናጋ አንድ ተመልካች። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣች። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሆዷን ከግድግዳው አነሳች። አራት ተኩል ላይ ስንጥቁ ውስጥ ገባች፤ ጅራቷ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቀርቶ ነበር፣ ከዚያ እሱንም ሳበችው። ዝንቦቹ ግድግዳው ላይ እንደልብ ይሄዳሉ። አሁን ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ እስካሁን አልወጣችም።